ከሐጂ ሙሜ ጋር በፈረንጅ ገበታ

ውድ ባለቤቴ አስካለ ሆይ፤

ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንዲት መስመር ጽፌልሽ አላውቅም፤ ከጎኔ ለማትለይ ሴት ደብዳቤ መጻፍ ቀለም ማባከን ይመስለኝ ነበር። እነሆ ከተለያየን አሥር ወር ሆነ። በጥቅምት መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አኑረንሽ ስንመለስ የጭሮ ተራሮች ጥርት ብለው ይታዩ ነበር፤ ዛሬ የነሐሴ ጉም ወርዶባቸው ከደጃፋችን አልፎ የሚታይ ነገር የለም። ጾመ ፍልሰታ ገብቷል። ይህን የምጽፍልሽ ከኪዳን መልስ፣ ተማሪዎቼ ሳይመጡ ነው።

ቤቱ ቆሟል። የምሥራቁን ግድግዳ ክረምቱ ሳይገባ አስለስኜዋለሁ። ተማሪዎቼ ከሠላሳ ወደ አሥራ አራት ወርደዋል፤ ፊደልና ዳዊት ከመቁጠር ይልቅ ልጅን በቀለም ወደተሞላ መዋዕለ ሕፃናት መስደድ የዘመኑ ወላጅ ምርጫ ሆኗል። ልጃችን ከሚኤሶ በየእሑዱ እየደወለ «ምን በሉ?» ይለኛል፤ «በላሁ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ምን እንደበላሁ አልነግረውም፤ ቢነገርም የሚያስመካ አይደለም።

ከእኛ በላይ ያለው ወፍጮ ቤት ተዘግቶ የፈረንጅ ምግብ ቤት መሆኑን ብትሰሚ ትስቂ ነበር። የከፈተችው ሐና ናት፤ ያቺ ከእኔ ዘንድ ፊደል የቆጠረች፣ አንቺ በረፍት ሰዓት ጓዳ አስገብተሽ ዳቦ የምትቆርሺላት ልጅ። ድሬዳዋና ጅቡቲ በትልልቅ ሆቴሎች ስታበስል ኖራ ተመለሰች። ግድግዳውን ነጭ ቀብታ፣ በመንገዱ በኩል ሰፊ መስተዋት አስገብታ፣ ለሁለት ለሁለት ሰው የሚሆኑ ትንንሽ ጠረጴዛዎች ደርድራለች። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳህን ይቀርባል፤ ሳህኑ ሰፊ፣ ምግቡ ጥቂት። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሳህን መለየት የጠበኛና የበሽተኛ ልማድ ነው፤ በአንድ ማዕድ የማይቆርስ ሕዝብ በአንድ ልብ አያስብም» ብዬ ተናገርሁ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ይህን የተናገርሁት እኔ ግን በዚያው ሰሞን ከሠላሳ ዓመት ወዳጃችንና የአጥር ጎረቤታችን ከሐጂ ሙሜ ራሴን ለይቼ በላይኛው መንገድ የምሄድ ሰው ነበርሁ።

አስካለ፣ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ።

በጓዳችን በስተግራ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነሽ ለብቻው ታኖሪው የነበረው ዕቃ የሐጂ ሙሜ ቤተሰብ ነበር፤ አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋ፣ ስድስት ሳህን። እነርሱ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ እኛም የእስላም ሥጋ አንበላም፤ ሥጋ የነካው ድስትም እንዲሁ ይለያል። ስለዚህ አንቺ ለእነርሱ፣ የሐጂ ባለቤት ፋጡማም ለእኛ፣ በየጓዳችሁ ንጹሕ ዕቃ ትጠብቁ ነበር። እኛ ወንዶቹ ከፊታችን የቀረበልንን እንበላለን፤ ድካሙ የእናንተ፣ ወዳጅነቱ የሁላችን ነበር። ሐጂ ከመቻራ ቡና ጭኖ ሲመለስ ከቤታችን ጎራ ብሎ ሲበላ በዚያ ሁሉ ዘመን «ይህ ድስት የማን ነው?» ብሎ የጠየቀበትን ቀን አላስታውስም።

በለቅሶሽ ሰሞን የእድር ሴቶች ጓዳሽን ተረከቡት። ያለው ዕቃ ሁሉ ወጣ፤ ሠርተው፣ አጥበው፣ በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ላይ ከምረውት ሄዱ። ነጩ ጨርቅም ታጥቦ ከሌላ ጨርቅ ጋር ታጠፈ። በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም፣ ሐጂ አቧራውን እንደለበሰ መጣና ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። «የኔታ፣ ርቦኛል። አስካለ ብትኖር ሳልናገር ታውቅብኝ ነበር» አለኝ። ወደ ጓዳ ገባሁ። ሰባት ድስት ተደርድሯል። የቱ የእርሱ እንደሆነ አላውቅም።

«አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ሕፃናትን «የማታውቀውን አላውቅም በል» እያልሁ አርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ድስት መለየት እንዳቃተኝ መናገር አሳፈረኝ። አንዱን አነሣሁ፤ ሽሮውን አሳርሬም ቢሆን ሠራሁ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብሎ ጠርጎ በላ፤ መረቀኝ፤ ሄደ። ድስቱን ሳጥብ አንድ ጆሮው እንደሌለ አየሁ። ያን ጆሮ በአርባሽ ቀን የበግ ወጥ ተሞልቶበት ሳለ እኔው ተሸክሜ ነበር ያስወለቅሁት።

ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። «ለእኔ የነገርኸኝን ለእርሱ ንገረው» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ አልነገርሁትም። ነገ እያልሁ ሳምንት፣ ሳምንት እያልሁ ወር አለፈ። ደጃፉን ላለማለፍ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመርሁ። በዒድ ቀን እንኳ በሰው ላክሁበት እንጂ ራሴ አልሄድሁም። ስምንት ወር።

ባለፈው ረቡዕ በዚያው በላይኛው መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «መንገድህን ካወቅሁት ቆይቻለሁ» አለ። «ቤትህ አትጠራኝ፤ ቤቴም አትመጣ። እንግዲያስ በሦስተኛ ሰው ቤት እንብላ።» እኔም ለማምለጥ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንደማልቀምስ ነገርሁት። «ዘጠኝ ሰዓት ሐና ቤት ነኝ» አለኝ። በዚያ ሰዓት ሐጂ የጫት በርጫውን ትቶ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ አይተሽ ታውቂያለሽን? ጫቱን ለእኔ ሲል አሳደረ። መቅረት አልቻልሁም።

ቤቱ ጭር ብሎ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ምርቃና ላይ ነው። ከመስተዋቱ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሐና ጥቁር ሽርጥ ታጥቃ፣ የምግብ ዝርዝሩን ይዛ፣ ጉልበቴን ስማ ቆመች። እኔ «ቅቤ አለበት?» አልሁ። ሐጂ «ወይን ጠጅስ ጠብ ብሎበታል?» አለ። እኔ «ወተትስ?» ሐጂ «እሱን ተዪው፣ ድስቱ ምን ነክቶት ያውቃል?» ልጅቱ እርሳሷን አስቀምጣ ሳቀች። «የኔታ፣ ሐጂ፣ ፈተና ነው እንዴ? ዱባ፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና ጨው ነው!»

ያመጣችው የዱባ ሾርባና የተጠበሰ ቀይ ሥር ነበር፤ ቀይ ሥሩን በብርቱካን ቁራጭ አጅባ፣ የዱባውን ፍሬ ቆልታ ከላይ በትናበታለች። ሹካውን በግራ፣ ቢላውን በቀኝ አስቀመጠችልን። እኔ ሹካውን አንሥቼ ወደ ቀኝ እጄ ስወስድ ሐጂም ልክ እንደኔ አደረገ። በግራ እጅ መብላት በእርሱም በእኔም ዘንድ ነውር ነውና ተያይተን ፈገግ አልን፤ ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነበር። እኔ አቡነ ዘበሰማያት አደረስሁ፤ እርሱም በልቡ የሚለውን አለ። የነቀፍሁት የተለየ ሳህን ከእርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠኝ።

ሐጂ ጥርጣሬው ስላልለቀቀው ሥጋውን ከየት እንደምታመጣ ሐናን ጠየቃት። «እዚህ ቤት ሥጋ ገብቶ አያውቅም፣ ሐጂ» አለችው። «ከገባ የከተማው እኩሌታ አይገባልኝም። ዓሣና አትክልት፣ በፍስክ ቀን እንቁላል። ይህን ሆቴል ቤት አልተማርሁትም፤ ልጅ ሆኜ ከእማማ አስካለ ጓዳ ነው ያየሁት። ያንን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ዕቃ ስነካ እጄን መትታኝ ታውቃለች።»

ሐጂ ሙሜ ማንኪያውን አንሥቶ «ወላሂ፣ በዚያች ሴት ጓዳ ዓይኔን ጨፍኜ በልቻለሁ» አለ። «ዛሬም በዚያ ቤት ዓይኔን ጨፍኜ እበላለሁ።»

ሐና ወደ ማድ ቤቷ እስክትመለስ ጠብቄ፣ «ሐጂ፣ በታኅሣሥ ያበላሁህ ሽሮ በግ በተሠራበት ድስት ነበር» አልሁት። «ስሠራው አላወቅሁም፤ ሳጥበው አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ደበቅሁህ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ወደ ውጭ ወጥቶ ከቧንቧው ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ፤ በመስተዋቱ አሻግሬ አየሁት። ተመልሶም አልተቀመጠም፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆመ።

«ስንት ወር ነው?»

«ስምንት።»

«ያላወቀ አይጠየቅም፤ ድስቱ በእኔና በአላህ መካከል ነው። ስምንቱ ወር ግን በእኔና በአንተ መካከል ነው። እኔ እኮ ለፋጡማ፣ የኔታ ከአስካለ ጋር እኛንም ቀብሮናል እያልሁ ነው የከረምሁት። አንተ ልጆቹን ለአንዲት ውሸት ታንበረክካለህ። አንተን ማን ያንበርክክህ?»

በእነርሱ ቃል ይቅርታ ስለምን «አፉ በለኝ» አልሁት። «የዐስር ሶላት ደርሷል» ብሎ ወጣ። ቀይ ሥሩ ሳይነካ ቀረ። ሐና ከማድ ቤቱ በር ቆማ ሰምታ ኖሮ አንገቷን ደፋች። እኔ ምግብ ጥሎ መነሣት ነውር ነው ብዬ የቀረበልኝን እስከ መጨረሻው በላሁ፤ ጣፋጭ እንደሆነ ይናገሩለታል፤ እኔ አልታወቀኝም።

በማግሥቱ ተማሪዎቼ ተሰበሰቡ። ዳዊት ከመክፈታችን በፊት ቆሜ፣ «እኔ መምህራችሁ አንድ ሰው አታልዬ ስምንት ወር ደብቄአለሁ» አልኋቸው። ድስቱንም፣ ሐጂንም፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ከመካከላቸው ትንሿ ልጅ እጇን አውጥታ፣ በፍጹም የዋህነት፣ «የኔታ፣ ታዲያ ይንበረከካሉ?» አለች። ትልልቆቹ ሊያስቆሟት ተንጫጩ። ልጅቱ ያስተማርኋትን ሕግ ነው የደገመችው። ከበሩ አጠገብ፣ እነርሱን ከማንበረክክበት ጠጠራማ ቦታ ተንበረከክሁ፤ የዕለቱን መዝሙር አንብበው እስኪጨርሱ አልተነሣሁም። አንድም ልጅ አልሳቀም። አስካለ፣ ጠጠሩ እንደሚወጋ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ ስፍራውን በማግሥቱ አስጠረግሁት።

ልጆች ቤታቸው ገብተው ዝም አይሉም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ፋጡማ በራችንን ከፍታ ገባች። «አቦ የኔታ፣ ተንበረከክህ አሉ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያውም አለቀሰች። በእጇ ድስት ይዛ ነበር፤ በውስጡ ጭልፋውና ስድስቱ ሳህን። በለቅሶሽ የመጀመሪያ ቀን፣ ሴቶቹ ዕቃውን ሲያወጡ፣ እንዳይቀላቀል ብላ እርሷ ራሷ ወደ ቤቷ ወስዳው ኖሯል። አሥር ወር ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ነበር። በታኅሣሥ ከሰባቱ ድስት የትኛውንም ባነሣ አንዱም የእርሱ አልነበረም፤ በአጥሩ ላይ አንድ ጊዜ ብጣራ ግን በእጄ ይገባ ነበር።

«ለምን አላመጣሽልኝም?» አልኋት። «ሳትጠራኝ ድስት ይዤ ልግባ? እንግዳ ራሱን ይጋብዛል እንዴ?» አለችኝ። «ሰው ሲጠራን እንሄዳለን ብዬ በየወሩ አጥበዋለሁ።» ከዚያም ጓዳ ገብታ፣ እጅጌዬን አስጠቅልላ፣ ሽሮ ሳይጓጉል እንዴት እንደሚበጠበጥ አሳየችኝ። እጄን ሁለት ጊዜ በጭልፋ መታችኝ፤ እኔ ተማሪዎቼን የምመታውን ያህል አይጠነክርም፤ ግን ይሰማል።

እሑድ ሐጂ ሙሜ ራሱ መጣ። ከደጃፋችን ቆሞ፣ ሰላምታ ሳይቀድም፣ «አፉ ብያለሁ» አለኝ፤ ቀጥሎም «ጉልበትህስ እንዴት ነው?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ገብቶ ተቀመጠ። የሠራሁት ሽሮ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ነገረኝ። የሐናን ዱባ ሾርባ ሳይጨርስ መሄዱ ቆጭቶታል፤ ፍልሰታ ሲፈታ ፋጡማንም ይዘን ዓሣዋን ልንቀምስ ተቀጣጥረናል። በደጀ ሰላሙ ስለ ሳህን የተናገርሁትንም በዚያው በደጀ ሰላሙ መልሼዋለሁ፤ ሰዎቹ እንደ ፊተኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አስካለ ሆይ፤ በመታሰቢያሽ ቀን ጧፍ ማብራቱን፣ በጸሎት ስምሽን ማንሣቱን ሰው ሁሉ ለሟቹ የሚያደርገው ነውና ቃል አልገባበትም፤ አደርገዋለሁ። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። አንቺ ያለ ቃል የተሸከምሽልንን እኔ አላስተዋልሁም፤ ከእንግዲህ ሳላስታውሰው የሚያልፍ ቀን አይኖርም። በጓዳሽ መካከል ቆሜ የማላውቀው ነገር በገጠመኝ ቁጥር፣ በር ላይ ወጥቼ «ፋጡማ!» ብዬ እጣራለሁ። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ይስማ።

ባለቤትሽ