ያለ ድምፅ የቆጠርኩት

አስመራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ዛሬ ቢሮ መዝገቦቹን ስቆጥር ሳላስበው በትግርኛ «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ» ብያለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡት አዲሱ አለቃዬ ሰሙኝ። «ወይዘሪት፣ እዚህ በአማርኛ ነው የሚቆጠረው» አሉኝ። እሺ ብዬ ብጀምር ሃያ ላይ ተምታታብኝ።

አባቴ ትዝ አለኝ፤ ነፍሱን ይማረው። በአንድ ጣሊያን የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ቀኑን ሙሉ በጣሊያንኛ ሲያወራ ይውል ነበር። ለጣሊያኑ ብቻ የሚስቃት አጭር ሳቅም ነበረችው። ጣውላ ሲለካ ግን ከንፈሩ ያለ ድምፅ በትግርኛ ይቆጥራል። ምሳውን ይዤለት ስሄድ አይቼው ከሳቅሁ በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

እኔም እንደ እሱ ድምፄን አጥፍቼ ቆጠርኩ።

«አርባ ሁለት ናቸው፣ ጌታዬ» አልኩ በአማርኛ።

«አየሽ፣ ለመድሽው!» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ያቺን የአባቴን አጭር ሳቅ ሳቅሁላቸው።