የአቶ ሉቃስ ሂርጳ ዕረፍት እና በሕይወት ታሪካቸው ያልተነበበው አሥራ አንድ ዓመት

ከነፋስ ስልክ የጎልማሶች ጥንድ ዳንስ ማኅበር
ለማኅበሩ አባላት፣ ለዘጠነኛው ዙር ተመዝጋቢዎች፣ ለሰፈሩ ዕድር እና ለሚመለከታችሁ ሁሉ
የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራች እና የጀማሪዎች ክፍል አስተማሪ አቶ ሉቃስ ሂርጳ በድንገት ባደረባቸው ሕመም ለሁለት ቀን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ ረቡዕ በወንጌላውያን አማኞች መካነ መቃብር ተፈጽሟል። የማኅበሩ ሐዘን ከባድ ነው። ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚባል ስለማናውቅ ወደ ሥራቸው እናልፋለን።

ከዚያ በፊት ግን ይህ መግለጫ የዘገየበትን ምክንያት መግለጽ ይገባናል። በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ አቶ ሉቃስ የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ በቀያሽነት ስንት ዓመት እንዳገለገሉ እና በቤተ ክርስቲያን የነበራቸውን ድርሻ በዝርዝር አቅርቧል። በማኅበራችን ያሳለፉት አሥራ አንድ ዓመት አልተጠቀሰም። ይህ በመርሳት የሆነ አይደለም። ባለቤታቸው ወ/ሮ ዶርቃ ቦጋለ ዳንስ የሚለው ቃል በአማኞች መካከል፣ ያውም በቀብር ላይ ቢነሳ ለሟች ስም መልካም አይሆንም ብለው በመስጋታቸው ነው። ስጋቱን እንረዳለን። ከአባሎቻችን ግማሽ የሚሆኑት ያንኑ ስጋት ይዘው የመጡ ናቸው።

ይሁን እንጂ አባላቱ አቶ ሉቃስ የሠሩት ሥራ በስማቸው እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ሥራ አመራሩም ቤተሰቡ ካልፈቀደ አይጻፍም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ጠበቅን። ፈቃዱ የተገኘበትን ሁኔታ በቦታው እንገልጻለን።

አቶ ሉቃስ በ1960 ዓ.ም. በወለጋ፣ ነቀምቴ አካባቢ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በመንገድ ሥራ ድርጅቶች ውስጥ በመጀመሪያ በረዳትነት፣ ኋላም በቀያሽነት ሠርተዋል።

በ1994 ዓ.ም. በደቡብ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሳሉ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ እና ባለቤታቸው ቅዳሜ ከሰዓት በምግብ አዳራሹ ውስጥ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ዋልዝ እና ፎክስትሮት የተባሉትን የጥንድ ዳንሶች ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን የተማሪው ቁጥር ጎደለና ጥግ ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩትን አቶ ሉቃስን ጠሯቸው። ለሦስት ወር ያህል ተማሩ። የተማሩትን በቅየሳ ደብተራቸው ላይ የእግር ዱካ እየሣሉ፣ በሴንቲሜትር እየለኩ እና ቀስት እያደረጉበት ያስቀምጡት ነበር። ደብተሩ ዛሬ በማኅበሩ ቢሮ ይገኛል።

በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በሰፈሩ ዕድር አዳራሽ በር ላይ እና በለቡ መብራት ኃይል ታክሲ መያዣ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ለጠፉ። ማስታወቂያው «ዳንስ ለማያውቁ ጎልማሶች። ጥንድ ይዞ መምጣት አያስፈልግም» ይል ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ሰው መጣ። ስድስቱ ሴቶች ነበሩ። ሰባተኛው ዛሬ የማኅበሩ ምክትል ሰብሳቢ የሆኑት ባለጋራዡ አቶ አናስ ናቸው፤ እሳቸውም የመጡት ሐኪም ለወገባቸው እንቅስቃሴ ስላዘዘላቸው ነበር።

በዚያን ቀን ሙዚቃ አልተከፈተም፤ ማንም ማንንም አልያዘም። ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ወደ ፊት እና ወደ ኋላ መራመድ ብቻ ነበር። ከስድስቱ ሴቶች አንዷ፣ በጎፋ ገበያ ቅመም የሚነግዱት ወ/ሮ ወርቄ ከበበው፣ «ለመራመድ ነው እንዴ የጠራኸን? ይህንንማ ዘንቢል ተሸክመን እንሠራው የለም ወይ» ብለው ነበር። አቶ ሉቃስም «ወደ ፊቱን ነዋ እትዬ። ወደ ኋላውን እስቲ ያሳዩኝ» አሏቸው። ወ/ሮ ወርቄ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደው ከግድግዳ ጋር ተጋጩ። በቀጣዩ ቅዳሜ ከሁሉም ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. እስከ ዛሬ የምንሠራበትን የጀማሪዎች ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት በየሦስት ደቂቃው ጥንድ ይቀየራል፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ ይለያያሉ። እጅ ለእጅ መያያዝ የከበደው ሰው የሻርፕ ጫፍና ጫፍ ይዞ መጀመር ይችላል። የረገጠም የተረገጠም ዝም ይላል፤ ይቅርታ መጠያየቁ ከእርምጃው የበለጠ ጊዜ ይወስድ ስለነበር ነው። በሁዳዴ ጾም ክፍል አይኖርም። ብዙዎቻችን በሻርፕ ጀምረናል። ሻርፑን መቼ እንደተውነው የጠየቀን የለም።

በዚያው ዓመት ከዕድሩ ሊቀ መንበር ከአቶ ወጋየሁ ጋር በአዳራሹ አጠቃቀም ላይ ተስማሙ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አዳራሹ ለማኅበሩ ሆነ። ቅድመ ሁኔታው የዕድሩ ዕቃ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነበር። ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረት፣ አግዳሚዎቹ፣ ድስቱና ሰሃኑ የአዳራሹን ግማሽ ይዘዋል። አቶ ሉቃስ የቀረውን በሜትር ለክተው አምስት በሰባት መሆኑን አረጋገጡ፤ ዕቃው በሚጀምርበት ላይ ነጭ ቀለም ቀቡ፤ የደብተራቸውንም እርምጃዎች በዚያው ልክ አሳጠሩ። በዕድሩ ውስጥ ሰው ሲሞት ዕቃው ወደ ለቅሶ ቤት ይወጣል። በዚያ ሳምንት ክፍል አይኖርም፤ ይህም ከደንቡ አንዱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በውጭ አገር የተማረ አንድ እንግዳ ክፍላችንን ጎብኝቶ እርምጃችን ከሚገባው በግማሽ ያነሰ መሆኑን ነገረን። አቶ ሉቃስ «ልክ ነህ። ሠርግ ቤትም ቢሆን ከዚህ የሰፋ ቦታ አይሰጡንም» ብለው መለሱለት።

በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በወረርሽኙ ምክንያት አዳራሹ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ አባል ተራ በተራ በስልክ እየደወሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቆጥሩ ነበር። አባላቱም በየቤታቸው ወንበር ይዘው ይሠሩ ነበር። ባል የሞተባቸው ሁለት አባላት በዚያ ጊዜ ያንን ስልክ ብቻ ይጠብቁ እንደነበር በኋላ ነግረውናል።

እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በስምንት ዙር 214 ጎልማሶች የአሥራ ሁለት ሳምንቱን የጀማሪዎች ትምህርት አጠናቀዋል። በዕድሜ ትንሹ 31፣ ትልቁ 74 ዓመት ነበሩ። ከጥር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለዘጠነኛው ዙር 19 ሰው መዘገቡ። የመጨረሻዋን ተመዝጋቢ የመዘገቡት የካቲት 1 ቀን ነው። በዚያው ዕለት ታመሙ።

የአቶ ሉቃስ ቤት ከአዳራሹ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ስለሆነ ለለቅሷቸው የወጣው ድንኳን ይኸው አዳራሽ ውስጥ የነበረው ነው። አባላቱ በለቅሶው ላይ የተገኙት በጎረቤትነት እንጂ በማኅበሩ ስም አልነበረም። ቤተሰቡ እንደዚያ ስለፈለገ ነው።

ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በማግሥቱ፣ ሥራ አመራሩና አሥራ ሁለት ያህል አባላት በተለመደው ሰዓት በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ለመለማመድ አልነበረም። በቤተሰቡ ዘንድ እንዲያልፍ ተብሎ በመግለጫው ውስጥ ዳንስ በሚለው ፈንታ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» ተብሎ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ እየተነጋገርንበት ነበር። በዚህ መካከል ወ/ሮ ዶርቃ ከልጃቸው ከቃለሕይወት ጋር ገቡ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ወደ አዳራሹ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። አግዳሚዎቹ ስላልነበሩ የዘበኛው በርጩማ ቀረበላቸው።

ወ/ሮ ዶርቃ «ጻፉ አልጻፉ ከማለቴ በፊት እዚህ ምን ይሠራ እንደነበር ልየው» አሉ።

በለቅሶ ላይ ሙዚቃ መክፈት እንደማይቻል ተነገራቸው። «ሙዚቃ ማን አለ፤ የሚያደርገውን አሳዩኝ» አሉ። አባላቱ በስድስት ጥንድ ቆሙ። ግን ማንም አልጀመረም። እስከ ዛሬ ቆጥረው የሚያስጀምሩን አቶ ሉቃስ ስለነበሩ ሁሉም እየጠበቀ ነበር። በመጨረሻ ወ/ሮ ወርቄ ቆጠሩ። ጥቁር እንደለበስን፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትም እንዳዘቀዘቁ፣ ዋልዙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠራን። በሦስተኛው ደቂቃ ጥንድ ቀየርን። የጫማ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ሲያበቃ ወ/ሮ ዶርቃ «እትዬ ወርቄ፣ ለምንድን ነው ሁላችሁም እዚህ ጋ የተጨናነቃችሁት? ያ ሁሉ ቦታ ባዶ ሆኖ» ብለው ጠየቁ።

ወ/ሮ ወርቄ «እዚያ እኮ የዕድሩ ዕቃ አለ» አሉ።

«ዕቃውማ እኔ ግቢ ነው ያለው።»

አባላቱ ዞር ብለው አዩ። ከነጩ ቀለም ወዲያ ያለው ወለል ባዶ ነበር። ስድስቱም ጥንድ በመስመሩ ዳር እየደረሰ ሲመለስ ቆይቷል፤ ከመካከላችን አንድም ሰው አላስተዋለውም።

ወ/ሮ ዶርቃ «እስቲ ወደዚያም ሂዱ» አሉ። ወ/ሮ ወርቄ በድጋሚ ቆጠሩ፤ መስመሩን አልፈን ሄድን። እርምጃችን ግን ያው ነበር፤ አልረዘመም። አቶ አናስ «ወይዘሮ ዶርቃ፣ እኛ ከዚህ በላይ አናውቅም። በዚህ ልክ ነው ያስተማረን» አሏቸው።

«ሲራመድ እንደዚሁ ነበር» አሉ ወ/ሮ ዶርቃ። «ቤት ውስጥም። ጠባብ ቤት ስለኖርን መስሎኝ ነበር።» ቀጥለውም «እኔ እዚህ ያለው ሌላ ነገር ነበር የመሰለኝ» አሉ። ምን እንደመሰላቸው አልጠየቅናቸውም።

ልጃቸው ቃለሕይወት ሲገቡ የሰማውን የአካል ብቃት የሚለውን ሐሳብ ነግሯቸው ኖሮ፣ ከመውጣታቸው በፊት ወደ ሥራ አመራሩ ዞረው «ጻፉት። ዳንስ ነው በሉት። ሌላ ስም ካወጣችሁለት እንደገና የደበቅነው ይሆናል» ብለዋል። ይህ መግለጫ በዚህ ፈቃድ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ነገር በመግለጫ ውስጥ መጻፍ እንዳልተለመደ እናውቃለን። ፈቃዱ እንዴት እንደተሰጠ ሁሉም አባል እንዲያውቀው ስለተፈለገ ተጽፏል።

ዕቃው ሰኞ ወደ አዳራሹ ተመልሷል።

ለዘጠነኛው ዙር ተመዝጋቢዎች፦ ትምህርቱ ይቀራል ወይ ብላችሁ የደወላችሁ አላችሁ። አይቀርም። ሁዳዴ ስለገባ ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜ ሚያዝያ 10 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ወ/ሮ ወርቄ ከበበው እና አቶ አናስ ያስተምራሉ። ሁለቱም አስተምረው አያውቁም፤ ይህን አስቀድመን መናገር ይኖርብናል። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ጥንድ ይዞ መምጣት አያስፈልግም። የፈለገ ሻርፕ ይያዝ። በመጀመሪያው ቀን ሙዚቃ አይኖርም፤ መራመድ ብቻ ነው።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ዶርቃ ቦጋለ፣ ለልጆቻቸው ለቃለሕይወት እና ለሲፈን፣ በሥራ ቦታ ለነበሩ ባልደረቦቻቸው፣ በእምነት አብረዋቸው ለነበሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በእጃቸው ለጀመሩት 214 ሰዎች ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው እንላለን። መጽናናቱ ከእኛ አቅም በላይ ስለሆነ ከእግዚአብሔር ይሁንላችሁ።

ቤተሰቡ ባቀረበው ጥያቄ መሠረት የዚህ መግለጫ አንድ ቅጂ በማኅበሩ ማኅተም ተረጋግጦ ለወ/ሮ ዶርቃ ተሰጥቷል። በቀብሩ ዕለት ከተነበበው ወረቀት ጋር አያይዘው እንደሚያስቀምጡት ነግረውናል።

የነፋስ ስልክ የጎልማሶች ጥንድ ዳንስ ማኅበር