በለቅሶ ድንኳን የተሸጠ አክሲዮን

ወንድሜ ፊሊጶስ፣

እንደምን ሰነበትክ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? መክሊትና ትንሿ ማሂስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ውርጩ ባቄላውን ቢመታውም ገብሱን ምሮልናል።

ጤናህን ከጠየቅሁ ወደተቆጣሁበት ልግባ። ጢቾ ላይ ለምንሠራው የዘር ድንች መጋዘን ካፒታሉን ከሰባት ሰዎች ብቻ ልንሰበስብ ተስማምተን ነበር፤ የምናውቃቸው፣ ዕቅዱን ያነበቡ፣ ቢከስሩም የማይራቡ። አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ ግን አስቀድሞ መንግሥት ዘንድ ማስመዝገብ ግድ ነው፣ ጠበቃውም ይህንኑ ብሎኛል ብዬህ ነበር። እሺ ብለህ ስልኩን ዘጋህ።

ከዚያ የአክስታችንን ልጅ አስናቀን ላክህ። በአቶ ሣህሌ ለቅሶ፣ እድርተኛው ድንኳን ውስጥ ስሙ ተጠርቶ፣ በቀሩት ላይ ቅጣት እየተጻፈ ሳለ፣ አስናቀ ተነስቶ አክሲዮን ሸጠ። ስለ ኪሳራ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰዉም የእድር መዋጮ መስሎት አርባ አንድ ሰው ከፈለ።

እማማ የውብዳር በሬያቸውን ሸጠው ነው የከፈሉት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ካልከፈልኩ ስሞት ማን ይቀብረኛል ብዬ ነዋ፣ ለመሆኑ ድንቹ የሚታደለው መቼ ነው ልጄ አሉኝ። በሠላሳ ዓመት የግብርና ሥራዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አስናቀን ባፋጥጠው፣ ጋሼ መቼም ሚስትዎንም ያገቡት በአዋጅ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሳቀብኝ። ደረሰኞቹን ከእጁ ተቀብዬ ሽያጩን አስቆምኩት።

አሁን የወሰንኩትን ስማ። አስናቀ የሰበሰበው ገንዘብ ባንክ ያለው በአንተ ስም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው እንድመልስ ኤምባሲ ሄደህ ውክልና አሠርተህ ላክልኝ። መጋዘኑን አልተውኩትም፤ ከሰባቱ አራቱ እስካሁን በቃላቸው ጸንተዋል፣ አነስ አድርገን በእነሱ እንጀምራለን። ከውክልናው ጋር በገዛ እጅህ አንድ ገጽ ጻፍ፤ መዋጮ እንዳልነበረ፣ ያለ ፈቃድ እንደተሸጠ፣ ያዘዝከውም አንተ እንደሆንክ። አታሽሞንሙነው።

ባለቤቴ ፋናዬን በጣም ናፍቃችኋታል፤ ለመክሊት በሶ አዘጋጅታ ሰው እየፈለገች ነው። ማሂን አገላብጠህ ሳምልኝ።

እድሩ የሚሰበሰበው በታኅሣሥ ሁለተኛው እሑድ ነው። የጻፍከውን እድርተኛው ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ካልደረሰ ግን ይህንን የእኔን አነባለሁ፤ ስምህንም አልዘልም።

ታላቅ ወንድምህ ይስሃቅ
አሰላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.