በአንድ እስክሪብቶ

ለእህት ዓለም፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹስ? ባልሽ ዛሬም ዜና ልስማ እያለ ወንበሩ ላይ ያንኮራፋል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምን ትዝ አለሽ እንዳትይኝ፤ መጀመሪያ ትንሽ ላስቅሽ።

ባለፈው ሰኞ አሻንጉሊት ይቅርታ ጠየቅሁ። እውነቴን ነው! መጦሪያ ቤቱን ለቅቄ ሆስፒታል የሚያስገባውን ሥልጠና ጀምሬያለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አረጋውያን ያጠብኩበት የነርስ ረዳትነት ወረቀት ለሆስፒታል አይበቃም ተባልኩ። የስኳር መጠን መለካት፣ ኦክስጅን የተሰካለትን ሰው ማጠብ፣ ከቀዶ ጥገና የወጣን ሰው ከአልጋ ማንሳት፣ ይሄን ሁሉ እንደ አዲስ እየተማርኩ ነው። የምንለማመደው ሰው በምታክል የጎማ በሽተኛ ሲሆን አብረውኝ የሚማሩት ልጆች “እትዬ ጎማ” ይሏታል። ታዲያ ወደ ጎኗ ሳዞራት ክንዷ ከሥሯ ተጠመዘዘና “ይቅርታ እማማ፣ አመመዎት?” ብዬ አረፍኩት። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ! ማስቲካ ካፏ የማይጠፋ አንዲት ልጅ፣ “እናታችን፣ ካልመለሱልዎት አኩርፈዋል ማለት ነው” አለችኝ። እናታችን! በአርባ ሦስት ዓመቴ!

አሠልጣኛችን ግን አልሳቁም። ጡረታ የወጡ የሆስፒታል ነርስ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ሰዓት ስለሚሰኩ በሌሉበት “እሜቴ ሰዓት” እንላቸዋለን። “ሳቁ ሳቁ፤ በሽተኛን እንደ ሰው ያናገረች እሷ ብቻ ናት” አሉ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ የተግባር ፈተና ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት፣ ለእያንዳንዳችን አንድ አልጋ፣ አንድ እትዬ ጎማ። የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቅጹ ላይም መጻፍ ነው። ቀላል ነገር። እኔ እንደገባሁ ምን አደረግሁ? ቁጭ ብዬ ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሞላሁት። ሁለት ሰዓት በቀኝ፣ አራት በጀርባ፣ ስድስት በግራ፣ ስምንት በቀኝ። እጄ በራሱ ነው የሄደው። መጦሪያው ውስጥ ፈረቃ ስንገባ ሁላችንም መጀመሪያ የምናደርገው እሱን ነበር። ለሃያ ስምንት አልጋ ሁለት ሰው! ቅጹ ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ሥራ። አንሠራም ነበር ማለቴ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እንሠራው ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ እሜቴ ሰዓት መጡ። ቅጹን አዩ፣ ደረታቸውን አዩ። ስምንት ሰዓት ላይ በቀኝ አዙረሻቸዋል ወይ አሉኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ፣ ገና ሦስት ሰዓት ነው እኮ አልኳቸው።

አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አሳዩኝ። “በእውነት የተሠራ ቅጽ መልኩ ዥጉርጉር ነው” አሉ። “አንዱ በችኮላ፣ አንዱ በእርጥብ እጅ ይጻፋል፤ በመሀል እስክሪብቶ ይጠፋና ቀለሙ ይቀየራል። ይሄ ግን ባንድ ትንፋሽ የወጣ ነው። ሐኪሙ ይሄን አምኖ ያልፋል፣ በሽተኛዋ ደግሞ በተኛችበት ትቆስላለች።” ጣሉኝ። ለመጪው ሐሙስ አንድ ዕድል ሰጥተውኛል። ከወደቅሁ ሆስፒታሉ ቀረ ማለት ነው፤ ወደዚያ መጦሪያ ደግሞ አልመለስም። የእማዬ አልጋ የነበረበትን ክፍል ማለፍ ካቃተኝ ቆይቷል።

እህት ዓለም፣ እማዬን ከአንቺ ቤት ወደ እኛ መጦሪያ ካመጣናት በኋላ፣ በሁለተኛው ወር ልትጠይቂያት መጥተሽ ዳሌዋ ላይ ያየሽውን ቁስል አልረሳሁትም። ያገላብጧታል ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ሮጬ የራሴን ፈረቃ ቅጽ አምጥቼ እጅሽ ላይ አኖርኩት። ይኸው በየሁለት ሰዓቱ፣ በገዛ እጄ የተጻፈ ነው አልኩሽ። ስለጠረጠርኩሽ ይቅር በዪኝ ብለሽ ወረቀቱን አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው። ከቀብሩ በኋላ ለዘመድ ሁሉ፣ “ቁስሉን ከእኔ ቤት ነው ይዛው የሄደችው፤ እኔ ነኝ ሳልጠብቃት የቀረሁት” ስትዪ ሰምቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትዪው ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ያንን ወረቀት በእማዬ ሻሽ ጠቅልለሽ ሳጥንሽ ውስጥ እንዳኖርሽው አውቃለሁ። አውጪውና ወደ መስኮቱ ውሰጂው። ቀለሙን እዪው።

ጉልበትሽን ይማርልኝ። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፤ ከእኔም ቢሆን ወስዶ ይስጥሽ። ልጆችሽ ይጡሩሽ።

ሐሙስ ከእትዬ ጎማ አጠገብ ወንበር አድርጌ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አዞራታለሁ፣ ከዚያ ሰዓት አያለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ። ለአንቺም እንደዚያው ነው፤ ባልፍም ብወድቅም፣ የሆነውን ከሆነ በኋላ እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ