በስምሽ የተያዘው ወንበር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ስኮትላንድ ብርዱ ከእኛም ይብሳል ይላሉ። ደረትሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ብርድ አይወድም፤ እባክሽ አንገትሽን ሸፈን አድርጊ። አድራሻሽን የሰጠችኝ አክስትሽ ማቪስ ናት፤ እንዳትቆጪያት። ሦስት ጊዜ እምቢ ካለችኝ በኋላ በአራተኛው "ሳታነበው ቀዳ ብትጥለው በእኔ እንዳታላክክ" ብላ በኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

እኔን ካልሽኝ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ገና አልተጣላኝም። ቤቱም እንደተውሽው ነው። እናትሽ የተከለችው ጽጌረዳ ዘንድሮ ዘግይቶ አበበ። ከአንቺ ጋር ከተነጋገርን አሥራ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን፤ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ደግሞ የኳስ ነገር ነው። "አሁንም ኳስ?" እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ አሁንም ኳስ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በሚያዝያ ክለቡ የዓመት ትኬት ላለን ሁሉ መልእክት ላከ። "ውድ የቤተሰባችን አባል" ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ብለው ሲጀምሩ ኪስሽን መያዝ ነው። የጡረተኞች ቅናሽ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቀርቷል ይላል። በቅናሽ ሦስት መቶ ሰማንያ ፓውንድ እከፍልበት የነበረው ወንበር በአንድ ጊዜ ስምንት መቶ አርባ አምስት ገባ። ከሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ባዶውን የሚከርም ወንበር ለተጠባባቂ ይሰጣል የሚል አለበት። መነጽሬን ወልውዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ይህ ለአንቺ ምንሽ እንደሆነ ልንገርሽ። ረድፍ ሃያ ሁለት፣ ወንበር 115 እስከ ዛሬ ያንቺ ነው።

አልተውኩትም። ከሄድሽ ጀምሮ በየዓመቱ፣ የኔን ሳድስ ያንቺንም በሙሉ ዋጋ አድሼዋለሁ። መኪናውን የሸጥኩት ለእሱ ነው። ለማቪስ ግን ዓይኔ ስለደከመ ነው ብያታለሁ። የበሩ ጠባቂ ሀድሰንን ታስታውሽው የለ? ያ ቀይ አፍንጫ። እስከ አምና ድረስ መጀመሪያ ያንቺን ካርድ አስነካ ነበር፣ የብረቱ በር ማንም ሳይገባበት አንዴ ይዞራል፤ ቀጥሎ የራሴን አስነክቼ እገባ ነበር። ሀድሰን ሁልጊዜ ለባዶው አየር ባርኔጣውን አንሥቶ "እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት" ይል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እናም በክለቡ መዝገብ ላይ አንድ ጨዋታ አላመለጠሽም ነበር። በዝናቡም፣ ስድስት ለባዶ በተሸነፍንበት ቀንም ነበርሽ።

የረድፋችን ሰዎችም እንደነበሩ ናቸው። ኤድና ዛሬም በእረፍት ሰዓት የሚንት ከረሜላዋን ከእጅ ወደ እጅ ታሳልፋለች። ለኔ ሁለት ይደርሰኛል፤ "የልጅህን ያዝላት" ትለኛለች። ከኋላችን ያለው አክሮይድ ደግሞ አፉ አላረፈም። "ልጅህ ዛሬም ጸጉሯን እየተሠራች ነው?" ይለኛል። "አዎ" ስለው "ምን ዓይነት ጸጉር ነው አሥራ አንድ ዓመት የሚሠራው! እኛም ተከላካይ ላይ እንዲህ ትዕግሥት ቢኖረን" ይላል፤ ረድፉ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን አክሮይድ እግሩን እንኳ አንድ ቀን በወንበርሽ ላይ ሰቅሎ አያውቅም። ባዕድ ሰው ሊቀመጥበት ሲል "ተይዟል ወንድሜ" ብሎ ከኔ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ግን ካርዱ ቀረና ሁሉም ነገር በስልክ ሆነ፤ የባለቤቱ ፎቶም ይታያል። ሀድሰንን በጡረታ አሰናበቱት። እኔ ያንቺን ማስነካት አልቻልኩምና አሥራ ዘጠኙንም ጨዋታ ቀሪ ተባልሽ።

በግንቦት የመጨረሻው ጨዋታ አለቀና ማንም ከረድፉ አልተነሣም። ኤድና "እኔ በዚህ ዋጋ አልመለስም፤ የማሞቂያዬን ልክፈል የኳሱን?" አለች። አርባ ሦስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አክሮይድ "እኛን የሚፈልገን ማነው? አንድ ቀን መጥቶ፣ ሻርፕ ገዝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄደውን ነው የሚፈልጉት። እኛማ ሻያችንን በፔርሙስ ይዘን የምንመጣ ቆንቋኖች" አለ። ሊያስቀን ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ሳር የሚቆርጡት ሰዎች ሜዳ ገብተው ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ተቀመጥን። ከዚያ ኤድና ከረሜላ የያዘችበትን ቦርሳ ዘጋችና እየተደጋገፍን ደረጃውን ወረድን። ልጄ፣ እናትሽን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆድ ብሶኝ አያውቅም። ስልክ ቁጥር እንኳ የለንም እኮ። የተዋወቅነው በወንበር ነው፤ ወንበሩ ከሄደ የት እንገናኛለን?

የአንዱን ወንበር ዋጋ አብቃቅቼ ወደ ትኬት ቢሮው ሄድኩ። ሁለቱን እችላለሁ ብዬ ራሴን ማታለል ትቻለሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ቤታኒ የምትባል ልጅ ናት፤ ደግ ልጅ ናት፣ ክፉ እንዳይመስልሽ። ኮምፒውተሩን አየችና "አባባ፣ ይቺ 115 ቁጥር ማን ናት? ዓመቱን ሙሉ አልመጣችም እኮ" አለችኝ። ልጄ ናት አልኳት። "አሟት ነው?" አለች። ርቃ ነው አልኳት። "ታዲያ ምን ያደርግልዎታል? እሱን ይተዉትና የራስዎን እናድስ" ብላ ቁልፉን ልትጫን ስትል፣ የኔን ተይውና የእሷን አድሺልኝ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ተሳስተዋል አባባ፤ የእርስዎ እኮ 114 ነው" አለች። አልተሳሳትኩም አልኳት። "በእሷ ስም እኮ እርስዎ መግባት አይችሉም፤ የእርስዎን ከለቀቁ ነገ ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው። ዘጠኝ ሺህ ሰው ነው የሚጠብቀው!" አለች። አውቃለሁ አልኳት። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ "ሽማግሌው ይወስኑልን እንጂ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ" ብሎ ጮኸ። ቤታኒ ግን ዝም በል አለችውና "አባባ፣ ሰው አለ ከእርስዎ ጋር? ቤት የሚያደርስዎት?" ብላ ጠየቀችኝ። ጅል መሰልኳት።

የማትመጪበትን ወንበር ይዤ የምቀመጥበትን ለቀቅኩ። ማቪስ ብትሰማ ሐኪም ትጠራልኛለች። አንቺ ግን ምክንያቱን ታውቂዋለሽ ብዬ አስባለሁ።

እኛ ቤት ውስጥ የተከፈለበት ወንበር ባዶ አይቀርም ነበር። እኔ ራሴ እናትሽን ያገባሁት ቡድናችን ከሜዳው ውጪ በሚጫወትበት ቅዳሜ ነው፤ ቀኑን ከቄሱ ጋር ሳይሆን ከጨዋታው መርሐ ግብር ጋር ነው የተማከርኩት። እናትሽ ይህን ለሰው ሁሉ እየነገረች ትስቅ ነበር። እና በዚያ በመጋቢት ቅዳሜ እሷ ሆስፒታል ተኝታ፣ አንቺ አጠገቧ ልሁን ስትዪኝ፣ "ሁለት ወንበር ተከፍሎበት ባዶ አይውልም፤ እሷም ሂዱ ብላለች" ብዬ እጅሽን ይዤ ወሰድኩሽ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። እውነት ነው፣ ሂዱ ብላለች። የታመመ ሰው ሂዱ ሲል መቅረት እንደሚገባ ዛሬ ገብቶኛል።

ስንመለስ እናትሽ አርፋ አገኘናት። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ምን እንዳለችን ታስታውሻለሽ። የከተማችን ልጅ ናት፣ የጨዋታውን ሰዓት ታውቃለች፤ "የጨዋታው እረፍት ስለነበር ይሰሙኛል ብዬ ነበር ስልክዎ ላይ የደወልኩት፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታለች፤ ስማችሁን ትጠራ ነበር" አለች። እኔ የስልኬ ባትሪ አልቆ ነበር አልኩ። አንቺ ወደኔ ዞረሽ "ለሁለት ትኬት ብለህ እናቴን ሳልሰናበታት አስቀረኸኝ" አልሽኝ። ከቀብሩ በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ልክ ነበርሽ። ለአንድ ቀን ባዶ እንዳይሆን የሳሳሁለትን ወንበር አሥራ አንድ ዓመት ባዶውን ከፈልኩበት። ይህን ያደረግኩት ትመለሻለሽ ብዬ ነው ብልሽ ውሸት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ በኋላ ግን ተስፋም አልነበረኝም። ከነሐሴ ጀምሮ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት እንደምሆን አላውቅም። ምናልባት ከግንቡ ውጪ ቆሜ ጩኸቱን እሰማ ይሆናል። ከጩኸቱ ማን እንዳገባ መለየት እችላለሁ።

ቤታኒ እንዳለችኝ፣ እስከ ሰኔ አሥራ አራት ድረስ ፎቶሽን ከራስሽ ስልክ ካልላክሽ ወንበሩ ይሄዳል። ገንዘቡን ይመልሱልኛል፤ ወንበሩን አይመልሱም። ላኪ ብዬ አልለምንሽም። መብቱም የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ለማንም፣ ለማቪስም፣ ለቄሱም ያልነገርኩት ነው። ዛሬ እንኳ ልተወው ብዬ ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጽፌዋለሁ።

ያን ቀን በእረፍት ሰዓት ሻይ ላመጣልሽ ወርጄ ነበር። አንድ ለአንድ ነበርን፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ባዶ እጄን ተመለስኩ። "ሻዩስ?" አልሽኝ። "ወረፋው አይጣል ነው" አልኩሽ። "ፊትህ ምን ሆነ?" አልሽኝ፤ ብርዱ ነው አልኩሽ። ኤድና የሰጠችሽን ከረሜላ በጥርስሽ ለሁለት ሰብረሽ ግማሹን አጎረስሽኝ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ እኔም አጠገብሽ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ ወረፋ አልነበረም። የስልኬም ባትሪ አላለቀም ነበር።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ቤትሽ ሙቀት አይጣ፤ የምትወጂው ሰው ስምሽን ሲጠራ አጠገቡ ያድርግሽ። ደብዳቤውን ብትቀጂውም አልቀየምሽም።

አባትሽ