የብስክሌቷ ቀለም ሲፋቅ

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። እናትህ እንደ ልማዷ ለሰው ሁሉ ስታስብ ለራሷ ጫማ መግዛት ትረሳለች። እህትህም ደህና ናት። እኔ ደግሞ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይኸው በገዛ እጄ እየጻፍኩልህ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሙ ከሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራውን አነሳልኝ። ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት የእናትህን ፊት ነበር። አርጅተሻል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ደግነቱ ቀድማኝ፣ እኔን ምን ታየኛለህ፣ ይልቅ መስታወት ላምጣልህ አለችኝ።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዎቼን የምትጽፍልኝ እህትህ ነበረች። ይህን ግን ለእሷ ማስጻፍ አልቻልኩም። የምነግርህ ስለ ብስክሌቷ ነው። ስሟን ስታይ ልብህ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ፤ እባክህ ታገሠኝና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ከወደቅሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አንተ ነድተሃት ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር አጋጭተሃት ነበር። ሳትደብቅ ራስህ መጥተህ ነገርከኝ፤ አብረን ብናያት ከጭቃ መከላከያዋ በቀር ምንም አልሆነችም። በማግስቱ ጠዋት የውሃ ቆጣሪ ላነብ ስወጣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰው ተሰብስቦ ምን ሆነህ ነው ሲለኝ፣ ልጁ ትናንት አጋጭቶ ፍሬሟን ሰብሮብኝ ነው አልኩ። አንተ ሰምተህ ሮጠህ ደርሰህ፣ ባርኔጣዬን ይዘህ አጠገቤ ቆመህ ነበር። በአራተኛው ወር ሩቅ አገር ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ። ይኸው ደብዳቤህ ሁሉ «እግርህ እንዴት ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ አንተ ግን በዚህ ደጅ ዞር ብለህ አታውቅም።

ብስክሌቷን ማንም እንዳይነካት ብዬ ከጓሮ አስቀመጥኳት። ቆየት ብዬ ትጣል ብል እናትህ አሻፈረኝ አለች። ዘንድሮ ዓይኔ ሲበራ፣ ሐኪሙም ለጉልበትህ ጥሩ ነው ስላለኝ፣ እንደገና ልነዳ ተነሳሁ። የእኔ ሐሳብ አዲስ ፍሬም ገዝቼ ጎማውንና መሪውን ወደዚያ አዛውሬ አሮጌውን ለቆርቆሮ ገዢ መስጠት ነበር። እናትህ ደግሞ ተፍቃ ትቀባ፣ ምን ሆነችና ትላለች። ተሰብራለች እኮ እላለሁ፤ እስቲ ይታያላ ትላለች። ሳምንት ሙሉ ተነታረክን። በመጨረሻ ሳትነግረኝ ራሷ እየገፋች ቀለም ቀቢው ዘንድ ወሰደቻት። ስሰማ እያነከስኩ ተከትያት ሮጥኩ፤ እዚያ ስደርስ ግን አስረክባው ሄዳለች።

ቀለም ቀቢው በርና አልጋ የሚቀባ ሰው ነው፤ ብስክሌትም ይሠራል። አንድ ግትር ሕግ አለው። ራቁቱን ያላየውን ብረት አይቀባም። ሰዎች ስንጥቅ በቀለም ሸፍንልን እያሉ ይመጡበታል፤ ስንጥቅ የሸፈነ ቀቢ ሰው ገደለ ማለት ነው ይላል። ሐሙስ ይምጡ፣ ከተሰበረች አዲስ ይገዛሉ፣ ጤነኛ ከሆነች ግን አይጣሏት አለኝ። እስከ ሐሙስ ምግብ አልበላ አለኝ። እናትህ ምን ሆነሃል ብላ አልጠየቀችኝም።

ሐሙስ ስደርስ ቀለሟ እንዳለ ተፍቆ፣ አንተ የቀባሃት አረንጓዴ ከሥሩም የእኔ ሰማያዊ ወልቆ፣ ፍሬሟ ብቻዋን በሽቦ ተንጠልጥላለች። ሰውየው የበር ቁልፍ አውጥቶ መጋጠሚያዋን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፣ የተሰነጠቀ ያስላል አለኝ። የትም ቦታ አላሳለችም። ከዚያ ከፊት እስከ ኋላ ክር ወጥሮ ግራና ቀኙን ለካ፤ እኩል ነው። ወደ እኔ ዞሮ፣ ጋሼ፣ ብስክሌቷ ተሰብራ እንደጣለችዎ ባለቤትዎ ነግረውኛል፣ የቱ ጋ ነው የተሰበረችው፣ እኔ ፈልጌ አጣሁት አለኝ።

አሁንም ማምለጥ እችል ነበር። ግድ የለም፣ አዲስ ይሻለኛል ብዬ አሮጌዋን ለቆርቆሮ ገዢው ብሰጥ ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር። ልለውም አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ። አልተሰበረችም፣ ጉድጓዱን አላየሁትም ነበር አልኩት።

ልጄ፣ ዓይኔ የደከመው ከወደቅሁ በኋላ ይመስልሃል። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ጉም ለብሶብኝ ነበር። ቁጥር የማያይ ቆጣሪ አንባቢ አስበው! በየቤቱ ገብቼ፣ እስቲ እናንተ አንብቡልኝ፣ እኔ ልጻፍ እል ነበር። ሰዎቹ ትሕትና ይመስላቸው ነበር። መሥሪያ ቤቴ ቢያውቅ በዚያው ቀን ያሰናብተኝ ነበር። ጉድጓዱንም የቆፈረው የራሴ መሥሪያ ቤት ነው፤ ዙሪያውን ቀይ ጨርቅ አስረውበት ነበር አሉ። አላየሁም ብል እንጀራዬ ሊቀር ነው። አንተ ደግሞ ጥፋትህን በገዛ አፍህ ነግረኸኝ ነበር፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ያንኑ መልሼ በአንተ ላይ ላከክሁት። የእግሬ ስብራት በስድስት ወር ገጠመ። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። አንተ ምንም አላደረግህም። ይቅር በለኝ።

ቀለም ቀቢው ቁልፉን ኪሱ ከተተና፣ ታዲያ ምን ዓይነት ቀለም ይሁንልዎ አለ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። አንዱ የቀለም ጣሳ ላይ ዘፍ አልኩ፤ ክዳኑ ላይ የፈሰሰው ቀለም ገና አልደረቀም ኖሮ ሱሪዬ ላይ ክብ ነጭ ማኅተም ይዤ ነው ቤት የገባሁት።

ለእናትህ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። አንሶላ እያጠፈች ነበር። ጫፉን ያዝልኝ አለችኝ፤ ያዝኩላት። አጥፈን ስንጨርስ፣ የጻፍክለት ዕለት እኔ በፖስታ ቤት በኩል አልፋለሁ አለችኝ። እኔ እኮ ስለ ደብዳቤ ምንም አላነሳሁም ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ይበላልኛል፤ ይህን ያህል ዓመት ምን ተሸክሜ እንደኖርኩ የገባኝ ገና አሁን ሲቀለኝ ነው።

ትናንት ቀለም ቀቢው ብስክሌቷን ሊገጣጥም ሲል ኮርቻውን በቁመቴ ልክ ዝቅ አደረገው። ከፍ አድርገው፣ የሚነዳው ልጄ ነው፣ እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው አልኩት። መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀኝ። እጠይቀዋለሁ አልኩት።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

አባትህ