ከቡልቡላ የመጣው ፌጦ

ልጄ ፋዲላ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ በሰላም ያገላግልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአዳማ ሙቀት ግን ቤት አላስቀምጥ ብሎናል። ይህን ማድ ቤት ተደብቄ ነው የምጽፍልሽ።

ሆዴ ገፋ ሲል ጎኔን ወጥሮ ያዘኝ ያልሽኝን፣ የሰው ጉዳይ አስመስዬ የጤና ጣቢያችንን ነርስ ጠየቅኳት። በአምስተኛ ወር ማህፀን ሲለጠጥ ያለ ነው አለችኝ። ከአልጋ በጎንሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ደም ካየሽ ወይም ቁርጠቱ አልተው ካለሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የሰው ዓይን ፈርቼ እርግዝናሽን ደብቄ «ጨጓራዋን አሟት ነው» ማለቴ መዘዝ አመጣብኝ። አክስትሽ ሑስና ከቡልቡላ ፌጦ ይዛልሽ መጣች፤ አንቺ ወዳለሽበት ጅዳ ለሚመጣ ሰውም በእጇ ሰጠችው። ፌጦ ለነፍሰ ጡር እንደማይሆን እያወቅኩ አመስግኜ ቡና አፈላሁላት። አደራ፣ እንዳትቀምሺው! ባልሽ ሙስዓብ ይድፋው።

ሑስና አሁንም እኛው ጋ ናት። ስትደውዪ አብራኝ ጆሮዋን ትደቅናለች። ገበያ ላይ የሕፃን ልብስ ሳይ እንኳ አንገቴን አዙሬ አልፋለሁ።

አላህ በቸር ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ልጁ ሲላወስ ደውለሽ «ምግብ ተስማማኝ» በዪኝ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

እናትሽ